ተመድቦ ለኖረ ሰው ምርጫ ሲመጣ

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቃሊቲ ይዞ ይመጣል፣ እኔም ቡናው እስኪፈላ አነባለሁ፣ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈው ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው ሳምንት የሆነ ነገር ነው። ከኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ ጎረቤታችን ማታ በር አንኳኩተው ገቡ፣ ልጃቸውን አሜሪካ የሚገኝ አንድ ትንሽዬ ኮሌጅ ተቀብሎታል፣ ደስታም ጭንቀትም ፊታቸው ላይ አለ። ስልካቸውን አውጥተው ካርታውን ከፈቱልኝና «ቲቸር፣ እስቲ በፈጠረሽ እዪልኝ፣ ይሄ ከተማ ነው ወይስ እርሻ?» አሉኝ። አየሁት። መሃሉ ላይ ጥቂት መንገድና ጣሪያ፣ ዙሪያውን እስከ ስክሪኑ ጫፍ ድረስ አረንጓዴ አራት ማዕዘን፣ በቆሎና አኩሪ አተር መሆን አለበት።

ይሄን ካርታ እኔም ለሊት ለሊት አፍጥጬ ያየሁት ነው። ትልቋ ልጄ አሁን እንደዚህ ያለ ኮሌጅ ውስጥ ሁለተኛ ዓመት ናት። የኮሌጁን ስም እንዳልጽፍ ስለነገረችኝ አልጽፍም፣ አሜሪካ መሃሉ ላይ፣ በበቆሎ አገር እንደሆነ ግን ይታወቅልኝ። ያኔ የሚያማክረኝ ሰው አጥቼ ስለተንከራተትኩ ነው አሁን የማውቃትን ልጽፍ የተነሳሁት።

መጀመሪያ ስሙ ራሱ ያደናግራል። «ሊበራል አርትስ ኮሌጅ» ሲባል የባለቤቴ እህት «እንዴ፣ ይሄን ሁሉ ለፍታ ሥዕል ልትማር ነው?» ብላ ደንግጣ ነበር፣ እውነት ለመናገር እኔም መጀመሪያ ላይ ከሷ የተሻለ አልገባኝም። ነገሩ እንዲህ ነው። ሂሳብም ፊዚክስም ኮምፒውተር ሳይንስም ኢኮኖሚክስም ይማራሉ፣ ልዩነቱ ልጁ ገና ሲገባ «አንተ ይሄ ነህ» ተብሎ አለመመደቡ ነው፣ ከዚህም ከዚያም ኮርስ እየወሰደ ቆይቶ አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛ ዓመት መጨረሻ ሜጀሩን፣ ማለትም ዋና የትምህርት ዘርፉን ይመርጣል። ማስተርስና ፒኤችዲ ስለሌላቸው ወይም በጣም ትንሽ ስለሆነ ፕሮፌሰሩ ራሱ ነው የሚያስተምረው፣ ወረቀቱንም የሚያርመው እሱ ነው። ለምሳሌ አዮዋ ውስጥ ግሪኔል የሚባለው ኮሌጅ 1,700 አካባቢ ተማሪ ብቻ ነው ያለው፣ ለሁሉም ግዴታ የሆነው ኮርስም አንድ ብቻ ነው፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች በትንሽ በትንሹ ተከፋፍለው የሚወስዱት። ከዛ በቆሎ መሃል ነው እንግዲህ በ1968 እ.ኤ.አ የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹን ኢንቴልን ከመሰረቱት አንዱ ሮበርት ኖይስ የወጣው። እኛ ጋም ሀሳቡ እንግዳ አይደለም፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ሲጀመር ከካናዳ በመጡ ኢየሱሳውያን በሚባሉ የካቶሊክ ካህናት የሚመራ ትንሽዬ ኮሌጅ ነበር፣ አሁንም ከ2012 ወዲህ ፍሬሽማን ተመልሶ ልጆቻችን ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ ሳይቀር እየወሰዱ ነው ወደ ዲፓርትመንት የሚገቡት።

የኛ ችግር ያለው ሌላ ቦታ ይመስለኛል። እኛ ተመድበን የኖርን ሰዎች ነን። ዩኒቨርሲቲ በምደባ፣ ዲፓርትመንት በውጤት፣ ሥራ ድሮ በእጣ፣ ቤት እንኳ በእጣ። ይሄ ቱሉ ዲምቱ ሲደርሰን «ይስማማናል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ማን አለ? እልል ብለን ቁልፋችንን ተቀብለን ገባን፣ ዘመድ «ገጠር ወጣችሁ» አለን፣ ሁለት ታክሲ ተሰልፈን መገናኛ እየደረስን ኖርን፣ ለመድነው። እንደዚህ የኖረ ቤተሰብ ፊት ድንገት ምርጫ ሲቀርብ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አያውቅም። ስለዚህ የምናውቃትን ሁለት ጥያቄ ብቻ እንጠይቃለን፣ ስሙ ይታወቃል ወይ፣ ከተማ ነው ወይ።

እኔን ዓለማያ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የመደቡኝ በ1992 ነው። ስሜን ሰሌዳው ላይ ሳይ አለቀስኩ፣ አዲስ አበባን ለቅቄ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ፣ አውቶቡሱ አሰበ ተፈሪ አድሮ በማግስቱ ነው ያደረሰን። ዓለማያ ሲጀመር ከኦክላሆማ በመጡ መምህራን እገዛ የተቋቋመ የግብርና ኮሌጅ ነው፣ እርሻ ላይ የተተከለ፣ ሲመሽ ከግቢው ውጪ የሚኬድበት የለም። አንድ መምህራችን ነበሩ፣ ሐይቁ ዳር ወስደው ያስቆሙንና ባለፈው ዓመት ውሃው የነበረበትን ጭቃ በእግራቸው እያሳዩን፣ ከሐይቁ ለጫትና ለአትክልት ውሃ የሚስበውን ፓምፕ እያስቆጠሩን፣ ከኮረብታው የሚወርደውን ደለል እያሳዩን ያስተምሩን ነበር። እኔ ስመረቅ ያ ሐይቅ አይናችን እያየ ሸሽቶ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር። ኢኮሎጂ የሚባለው ነገር እስከዛሬ ክፍል ውስጥ ገብቼ ሳስተምር የሚታየኝ ያ የተሰነጣጠቀ ጭቃ ነው፣ አዲስ አበባ ብመደብ ይሄን አላገኝም ነበር። ግን ደሞ እኩል ልናገር፣ አንድ ዶርም አብራኝ የነበረች ልጅ፣ ከኔ የምትበልጥ ጎበዝ፣ ሰው ካላየች፣ ገበያ ካልወጣች፣ ግርግር ካልሰማች የሚጨንቃት ልጅ ነበረች፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጣ ሄደች። ያው ግቢ ነው፣ ያው ገጠር ነው፣ እኔን ሰው አደረገኝ እሷን ሰበራት። ለዚህ ነው ጎረቤቴ «ከተማ ነው ወይስ እርሻ?» ሲሉኝ መጀመሪያ ልጁን አምጡልኝ ያልኳቸው።

የኛን ልጅ በተመለከተ እኔን ያስፈራኝ ገጠርነቱ አልነበረም። እዛ የምትማር አንዲት ሐበሻ ልጅ በቪዲዮ አግኝተን ስናወራ አንድ ነገር አለች፣ «ክላስ ውስጥ 14 ነን፣ አንብቤ ካልገባሁ ፕሮፌሰሩ ከፊቴ ያውቃል፣ እዚህ ዝም ካልሽ የለሽም።» ይሄ ቃል ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። ምክንያቱም ልጄ ጭምት ናት። ጭምት አድርጌ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ ይዤ ዝም ያለውን ልጅ «ጨዋ» ብዬ የማመሰግነው እኔ ነኝ። እኛ ጋ ዝምታ አክብሮት ነው። እዛ ግን ክፍል ውስጥ መናገር፣ መቃወም፣ «አልገባኝም» ማለት ማርክ አለው፣ በትልቅ ዩኒቨርሲቲ 300 ሰው መሃል የሚደበቅ ልጅ 14 ሰው መሃል መደበቂያ የለውም።

እና አንድ ሳምንት እራት ላይ ሙከራ አደረግን። ከናንተው ጋዜጣ አንድ ጽሑፍ እናነባለን፣ ከዛ ሁላችንም የየራሳችንን እንናገራለን። ባለቤቴ ልጆች ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉን በእንግሊዝኛ መማር አለባቸው ባይ ነው፣ እኔ አላምንበትም፣ ልጄን «አንቺስ?» እንላታለን፣ «እንደ አባዬ ነው»። በማግስቱም «እንደ አባዬ»። በሦስተኛውም ቀን እንደዛው። አራተኛው ቀን ላይ የጠቀለለችውን እንጀራ መልሳ ሰሃኑ ላይ አስቀመጠችና «አባዬ፣ ይቅርታ፣ እኔ በዚህ አልስማማም» አለች፣ ድምጿ ይንቀጠቀጣል፣ ፊቷ ደም መሰለ፣ አንደኛ ክፍል እያለች ቃሉን በቃሏ ይዛ ትርጉሙን ሳታውቅ ፈተና ታልፍ እንደነበር፣ ሳይንስ የገባት እኔ ኩሽና ውስጥ በአማርኛ ሳስረዳት እንደሆነ ተናገረች። ባለቤቴ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። እኔ ፈራሁ። ከዛ «ቀጥይ» አላት። በቃ፣ እዛ ቀን ነው እኔ ውስጤ የወሰነው፣ ትችላለች፣ ግን ይከብዳታል፣ ጊዜ ይወስድባታል፣ የሚጠብቃት መምህር ያስፈልጋታል፣ ትንሽ ኮሌጅ ደግሞ የሚጠብቅ መምህር ያለበት ቦታ ነው።

እንዳልኩትም ሆነ። የመጀመሪያው ሚድተርም ላይ ጽሑፏ ጥሩ፣ ተሳትፎዋ ዝቅተኛ ተብሎ ተጻፈባት፣ እኩለ ሌሊት ደውላ አለቀሰች። ፕሮፌሰሯ ቢሮዋ ጠርታ ምን አለቻት መሰላችሁ፣ ወደ ክላስ ስትመጪ አንድ ጥያቄ በወረቀት ጽፈሽ ነይ፣ ሌላ ምንም አትበይ፣ እሷን ብቻ አንብቢ። እሷን ወረቀት እያነበበች ነው ዓመቱን የጨረሰችው፣ አሁን ያለ ወረቀት ታወራለች፣ ስልክ ላይ እኔንም መሞገት ጀምራለች።

ገጠር ስንል ደሞ ሁሉም አንድ አይደለም። ካርልተን የሚባለው ኮሌጅ ሚኒሶታ ውስጥ ትንሽ ከተማ ላይ ነው፣ ግን ከሚኒያፖሊስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ እዛ አካባቢ ደግሞ የኛ ሰው በብዛት አለ፣ እንጀራም ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አይጠፋም። ኦሃዮ ውስጥ ኬንየን የሚባለው ኮሌጅ መንደር ላይ ነው፣ ትልቁ ከተማ ኮሎምበስ ግን አንድ ሰዓት ነው። ሌላው ደግሞ አየር ማረፊያው ሩቅ የሆነ አለ፣ ባስ የሌለበት፣ መኪና የሌለው ልጅ እግሩ የታሰረበት። ስለዚህ ካርታ ላይ አረንጓዴውን አይታችሁ አትደንግጡ፣ መኪና ሳይኖርህ ቅዳሜ እንዴት ትወጣለህ ብላችሁ እዛ ያለ ተማሪ ጠይቁ። ያቺ በቪዲዮ ያገኘናት ልጅ ስልኳን ይዛ ከዶርሟ እስከ ሱቁ በእግሯ እየሄደች አሳየችን፣ አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ ባንክ፣ አንድ ፒዛ ቤት፣ የእህል ጎተራ፣ አለቀ፣ 11 ደቂቃ። ልጄ ጸጥ ብላ አይታ «ደስ ይላል» አለች። ታናሽ ወንድሟ «እኔ እዚህ አልኖርም» ብሎ ተነስቶ ሄደ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ክረምቱን አስቀድማችሁ ዕወቁ። ከዜሮ በታች 20 የሚወርድበት ቀን አለ፣ ታኅሣሥ ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል፣ ልጄ ከቅዝቃዜው ይልቅ ጨለማው ነው የከበዳት። ሌላ ያልጠየቅነው ነገር የበዓል እረፍት ነው። ኅዳር ላይ ታንክስጊቪንግ ሲሉ ግቢው ሙልጭ ብሎ ወጣ፣ ካፌው ተዘጋ፣ ጥቂት የውጭ ልጆች ብቻ ቀሩ፣ አራት ቀን ኢንዶሚ በላች። ቀድመን ብንጠይቅ የሚቀበላት ቤተሰብ ይፈልጉላት ነበር፣ በዓመቱ እንደዛ ነው የሆነው። በሌላ በኩል ጾም የፈራሁትን ያህል አልሆነም፣ ካፌው ውስጥ ሥጋም ወተትም የሌለበት ምግብ በየቀኑ አለ፣ ሁዳዴን ሙሉ ጾማለች፣ ቤተ ክርስቲያን ግን በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ የሚወስዳት ሲገኝ ነው የምትሄደው።

አሁን ስለ ገንዘብ፣ እዚህ ላይ እባካችሁ ወላጆች በደንብ አንብቡኝ። እኛ መጀመሪያ ከተማ ውስጥ አንድ ኤጀንሲ 60 ሺህ ብር ከፈልን። ሰውየው ወር ሳይሞላ «30 ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ አገኘች» ብሎ ደወለ፣ ቤቱ በእልልታ ተናጋ፣ ዳቦ ደፍቼ ጎረቤት ጠራሁ። ልጄ ናት ሌሊት ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብባ የቀሰቀሰችኝ፣ የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 52 ሺህ ነው፣ ቀሪው 22 ሺህ ዶላር በየዓመቱ ከኛ ነው የሚጠበቀው። ያኔ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፣ ስናባዛው ከአንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ብር በላይ ሆነ፣ የሁለት መምህር ቤት ነው ይሄ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ብንቀበለው ኖሮ ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ ለገበያ ተለቀቀና ከመቶ አለፈ፣ ያው ዕዳ ገና ሳትሳፈር እጥፍ ገደማ ሊሆን ነበር። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ በትልቁ የተጻፈውን ትታችሁ ቀሪው ስንት ነው በሉ። ክፍያው በየዓመቱ ሲጨምር እርዳታው አብሮ ይጨምራል ወይ፣ ውጤት ስንት ሲሆን ይነጠቃል፣ ኢንሹራንስ ውስጡ አለ ወይስ ለብቻ ነው፣ ይሄን ሁሉ በኢሜይል ጠይቁ፣ ይመልሳሉ፣ መልሱንም አስቀምጡት።

ከዛ በኋላ ኤጀንሲውን ትተን ልጄ ራሷ በኮመን አፕ፣ ለብዙ ኮሌጅ በአንድ ፎርም በሚያመለክቱበት ድረገጽ፣ ሞላችው፣ የማመልከቻ ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው ይሄንኑ ገልጾ ማስቀረት እንደሚችል እንኳ ሰውየው አልነገረንም ነበር። ትልልቅ ገንዘብ ያላቸው ትንንሽ ኮሌጆች አሉ። አምኸርስትና ቦውደን የውጭ ተማሪን ሲመርጡ መክፈል ይችላል ወይ የሚለውን አያዩም፣ አብዛኞቹ ግን ያያሉ፣ ማለትም እርዳታ መጠየቅህ መግባትህን ያከብደዋል፣ ከተቀበሉ ግን የጎደለህን ሙሉ የሚሸፍኑ አሉ። በነዚህ ኮሌጆች የዓመት ወጪው ከ80 ሺህ ዶላር ያልፋል፣ ቁጥሩን አይታችሁ ዝጉት እንዳትሉ፣ የኛ ልጅ የምትማረው እንደዛ ባለው ነው፣ ከኛ የተጠየቀው የአውሮፕላን ቲኬትና የኪስ ነገር ነው፣ ሴቪስ ለሚባለው የውጭ ተማሪ ምዝገባ 350፣ ለቪዛ 185 ዶላር ከፍለናል። ግቢ ውስጥ በትምህርት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል፣ እሷ ላይብረሪ ትሠራለች።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም ስለማይናገረው። ትንሽ ኮሌጅ ይዘጋል። ሁሉም አይደለም፣ ገንዘብና ተማሪ የቀነሰበት። እኛ መልስ የምንሰጥበት የመጨረሻ ቀን ሚያዝያ 23 ነበር፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ኒውዮርክ ግዛት ሐይቅ ዳር ያለው ዌልስ ኮሌጅ፣ ከ1868 እ.ኤ.አ ጀምሮ የኖረ፣ በዚሁ ሴሚስተር መጨረሻ እዘጋለሁ አለ። ተማሪው የት ይሂድ? ከዛ በፊት በነበረው ዓመት አዮዋ ውስጥ አዮዋ ዌስሊያን እንደዛው ተዘግቷል። ልጄ ዜናውን አይታ የራሷን ኮሌጅ ገንዘብና የተማሪ ቁጥር ካለፉት ዓመታት ጋር እያስተያየች ስትፈልግ አመሸች። ግሪኔል ያልኳችሁ ለዛች ለ1,700 ተማሪ ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ ተቀማጭ ሀብት አለው፣ እንደዚህ ያለው አያሰጋም። ትልቅ ስኮላርሺፕ በቀላሉ የሚበትን፣ ተማሪው በየዓመቱ የሚቀንስ ኮሌጅ ግን በደንብ ይመርመር።

ለማን እንደማይሆንም እናገራለሁ። ልጃችሁ ኢንጂነሪንግ ብቻ ካለ አብዛኞቹ የላቸውም፣ ሦስት ዓመት እዛ ሁለት ዓመት ደሞ ኢንጂነሪንግ ያለበት ዩኒቨርሲቲ የሚባል መንገድ አለ፣ ለሁለተኛው ክፍል እርዳታው ይቀጥላል ወይ የሚለው ግን ቀድሞ መጠየቅ አለበት። ሐኪም ይሁንልኝ ካላችሁ አሜሪካ ሕክምና ከአራት ዓመት ዲግሪ በኋላ ነው የሚጀመረው፣ ለውጭ ተማሪ በሩም ገንዘቡም ጠባብ ነው፣ እዚህ ጥሩ ውጤት ያመጣ ልጅ እዚሁ ሕክምና ቢገባ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ተመርቆ እዛ ልምድ መያዝ ለሚፈልግ 12 ወር የሥራ ፈቃድ አለ፣ ስቴም (ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንጂነሪንግ፣ ሂሳብ) ከሆነ 24 ወር ይጨመርለታል፣ ኢኮኖሚክስን ስቴም ብለው ያስመዘገቡ ኮሌጆችም አሉ፣ ሜጀር ሳይመረጥ በፊት ይጠየቅ፣ የቪዛው ሕግ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ደሞ ሰው ከሚያወራው ከኤምባሲው ማረጋገጥ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ማግስቱን ከአባቱ ጋር መጣ። አባትየው ስለ እርሻው፣ ስለ ስሙ፣ ዘመድ ምን እንዳለ ግማሽ ሰዓት አወሩ። «ጋሼ ይቅርታ፣ እሱን ልስማው» ብዬ ልጁን «አንተስ?» አልኩት። አባቱን አየ፣ መሬት አየ፣ ሲቪል ኢንጂነሪንግ እንደሚፈልግ፣ ኤጀንሲው የሞላለት ኮሌጅ ደሞ ኢንጂነሪንግ ይኑረው አይኑረው እንኳ እንዳላየ ተናገረ። አባቱ አልሰሙም ነበር፣ ያን ቀን ነው የሰሙት። ተቀብሎሃል ከተባለ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

አዘጋጆቹን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ስንት በመቶ አለፈ ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ትክክል ነው፣ ግን እነዚህ ኮሌጆች ውስጥ ያሉ የኛ ልጆች ራሳቸው እንዲጽፉ አንድ ገጽ ስጧቸው፣ ደስ ያላቸውም፣ ከፍቷቸው ዩኒቨርሲቲ የቀየሩም፣ አቋርጠው የተመለሱም። ወላጅ እንዲያነበው ከሚያዝያ በፊት ቢሆን ይመረጣል። ጋሼ ዛሬ ማታ 2 ሰዓት ላይ ከልጃቸው ጋር እኛ ቤት ይመጣሉ፣ እዛ ያኔ እኩለ ቀን ነው፣ ልጄ ከክላስ ወጥታ በቪዲዮ ትጠብቀናለች፣ ስለ ሦስት ዓመትና ሁለት ዓመቱ መንገድ ኮሌጇን ጠይቃ ያገኘችውን መልስ ልታነብላቸው።

መምህርትና እናት
ከቱሉ ዲምቱ